ላሟን አሁን አይሽጧት

የ12ኛ ክፍል ውጤት ከወጣ ወዲህ በዚህ የመጽሔት ዓምድ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል ስለ አንድ ነገር ናቸው። ልጁ አልፏል ወይም ለጥቂት ቀርቷል፤ ቤት ውስጥ ግን ብር የለም። ምን ይሻላል?

ለማታውቁኝ አንባቢዎች፦ ጅማ ተወልጄ ጅማ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ምዝገባ ቢሮ (ሬጅስትራር) መስኮት ጀርባ ብዙ ዓመት ተቀምጬ ነው ጡረታ የወጣሁት። እናቴ በቡና መጋዘን ውስጥ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ስትለቅም ነው ያሳደገችን። ማታ ስትመለስ ጣቶቿ መታጠፍ እምቢ ይሏት ነበር። የደብተሬ ዋጋ ከየት እንደሚመጣ ከዚያ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ቀለል አድርጌ ማለፍ አልችልም።

አራት ደብዳቤ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም እላለሁ፤ ይቅር በሉኝ።

ጥያቄ

«ይድረስ ለእትዬ። እኔ አጂፕ አካባቢ ጀበና ቡና እየሸጥኩ ሦስት ልጆች የማሳድግ እናት ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ በተፈጥሮ ሳይንስ ተፈትና ከ600 287 አመጣች። ነርስ መሆን ነው ከልጅነቷ ጀምሮ ምኞቷ። ውጤቱን ካየች ጀምሮ እህል በወጉ አልቀመሰችም። ሰፈራችን ያለ አንድ ሰው መጥቶ ‹እኔ የማውቀው የግል ኮሌጅ አለ፤ በዚህ ነጥብ በቀጥታ ዲግሪ ያስገባታል። ቦታው ሳይሞላ እስከ ዓርብ መመዝገቢያውንና የመጀመሪያውን ክፍያ አምጡ› አለን። የቡ ከተማ፣ እናቴ ጋ ያለችኝ አንዲት ላም ናት። የታናናሾቿን ደብተርና ሳሙና የምትችለው እሷ ናት። ገዢ አግኝቻለሁ። ልጄ ግን ‹እማ፣ ላሟን ከምትሸጪ እኔ ሥራ ልግባ› ትለኛለች። ማንን ልስማ?»
የሦስት ልጆች እናት፣ ከጅማ

መልስ

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን በሰው ልኬልዎታለሁ፤ ላሟን አሁን አይሽጧት። ረጅሙን እዚህ የምጽፈው የእርስዎን የሚመስል ደብዳቤ ከሌሎችም ስለደረሰኝ ነው።

ከዚያ ሰውዬ ልጀምር። የነገረዎት ነገር ልክ አይደለም። ዲግሪ ለመጀመር ፈተናውን ግማሽና ከዚያ በላይ ማምጣት ያስፈልጋል። ከ600 ከሆነ 300 ማለት ነው። ይህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሕግ ብቻ አይደለም፤ የግል ኮሌጁንም ይመለከታል። 287 ያመጣች ልጅ የማካካሻ ትምህርቱን፣ ልጆቹ «ሪሚዲያል» የሚሉትን፣ ተምራ ሳታልፍ በየትም በር ዲግሪ መጀመር አትችልም። «በቀጥታ አስገባታለሁ» የሚል ሰው ወይ አላወቀም፣ ወይ ኮሚሽኑን ነው የሚያስበው።

ገብታ ብትማርስ? መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የሚማር የዲግሪ ተማሪ ያንን ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም። አገባቧ በደንቡ መሠረት ካልሆነ እዚያ ስትደርስ ነው የሚመጣባት። ያኔ ላሟም የለች፣ ወረቀቱም የለ።

ይህን በመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። የወንድሜ ልጅ በአንድ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ከፍሎ ተምሯል። ኮሌጁ ዕውቅና ነበረው፤ በሌላ ከተማ፣ ለሌላ የትምህርት ዓይነት። እሱ ለሚማረው ትምህርት በዚያ ቅርንጫፍ አልነበረውም። ሲያውቅ ሦስተኛ ዓመት ሊገባ ነበር። ወንድሜ ለዚያ ክፍያ ያሳደገውን ባሕር ዛፍ አስቆርጦ ሸጧል። ጉቶዎቹ አሁንም ከግቢው ኋላ አሉ። ስሄድ ላለማየት በሌላው በኩል ነው የምገባው።

አሁን ወደ ልጅዎ። ለእሷ ይህን ያንብቡላት፦ ልጄ፣ አንቺ ሰነፍ አይደለሽም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ይህን ሁሉ ሰው የጣለ ፈተና ላይ አንቺ 13 ነጥብ ነው የጎደለሽ። ተነሺና ብዪ።

ማካካሻው የተጀመረው ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች ነው፤ በ2015 ዓ.ም.። ግማሽ ያላመጡ ግን የተሻለ ነጥብ ያላቸው ልጆች ለጥቂት ወራት ተመድበው ይማራሉ። መጨረሻ ላይ ፈተናው ከማዕከል ይመጣል። ያለፈ በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኖ ይቀጥላል። መቁረጫ ነጥቡን ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ያሳውቃል። እስካሁን በነበሩት ዓመታት ከ300 በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ስለዚህ የ287ን ልጅ ይዞ ዓርብ ዓርብ የሚያስብል ነገር የለም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበች ልጅ ምግቧም ማደሪያዋም ግቢ ውስጥ ነው። በግል ተቋም ከፍሎ ማካካሻ መማርም ይቻላል። እሱ ግን መጀመሪያ የሚሄዱበት አይደለም፤ የመንግሥቱ ምደባ ካልመጣላት ብቻ የሚታሰብ ነው።

ሥራው አሁን የእሷ ነው። ምርጫ የሚሞላው በኢንተርኔት ነው። የፈተና መለያ ቁጥሯን ደብተር ላይ ትጻፍ፤ እርስዎም አንድ ቦታ ይጻፉት። ስልኳ ካልሠራ የተማረችበት ትምህርት ቤት ሄዳ ትሙላ። ማስታወቂያው የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው። በመስኮቴ ብዙ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ። አብዛኛው ነጥብ አጥቶ ሳይሆን ቀን አልፎበት ነበር።

አሁን ዋናው ነገር። «ካለፈችስ ማን ይከፍልላታል?» ብለው እንደሚያስቡ ከደብዳቤዎ ይታያል። አንድ ልጅ ላንሣልዎ።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነበር፤ ከሰዓት። መስኮቱን ልዘጋ ስል አንድ ልጅ መጣ። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ካርዶቹን በሁለት ደብተር መሐል አድርጎ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። ወረቀቱ አንድ እጥፋት የለውም። እሱ ራሱ ግን ሁለት ቀን ያልታጠበ ነው።

«ስንት ነው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«መግቢያው።»

ለካ ከመጣ ሁለት ቀን ሆኖታል። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሌሎቹ ሲገቡ ያያል። በር ላይ ብር የሚያስከፍሉ መስሎት ነው። የያዘው የመመለሻ ትራንስፖርቱን ብቻ ነበር። ሌሊቱን መስጊድ በረንዳ አደረ። ጠይቆ አላወቀም፤ አፍሮ። ለመግቢያ የሚከፈል የለም ስለው አላመነኝም። ቅጹን ሰጥቼው፣ የት እንደሚፈርም እስካሳየው ድረስ ፌስታሉን ከደረቱ አላወረደም። አንድ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ አጥሩን እንዳየ ይመለስ ነበር። እሱን ባሰብኩ ቁጥር ስንቱ ሳላየው ተመልሶ ይሆን እላለሁ።

ያ የፈረመው ቅጽ የወጪ መጋራት ውል ነው። ተማሪዎቹ «ኮስት ሼሪንግ» ይሉታል። በአገራችን የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አሁን መንግሥት ይሸፍናል፤ ልጅዎ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ትመልሳለች። የምትመልሰው የምግቡንና የማደሪያውን ወጪ፣ ከማስተማሪያው ደግሞ ከፊሉን ነው። ደንቡ ሲወጣ ከማስተማሪያው ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ ተብሎ ነበር፤ አከፋፈሉም ከወር ገቢዋ ቢያንስ 10 በመቶ። ደመወዟ ላይ ቀጣሪው ይቆርጣል። ውሉ በየዓመቱ ይፈረማል፤ የዓመቱ ዕዳ በብር ተጽፎበታል። ኮፒውን ትያዝ። ስትመረቅ ጊዜያዊውን ማስረጃ ይሰጧታል፤ ኦሪጅናሉን የምታገኘው ዕዳዋን ስትጨርስ ነው። ይህን አስቀድማ ብታውቀው ጥሩ ነው፤ ብዙዎች በምረቃው ማግስት ነው የሚደነግጡት።

እና እርስዎ ከኪስዎ የሚያወጡት ምንድን ነው? ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ልብስ። ጉርድ ፎቶ። ትራንስፖርት። ከገባች በኋላ ሳሙና፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ካርድ፣ የማስታወሻ ፎቶ ኮፒ። ፎቶ ኮፒው ትንሽ ይመስላል፤ በፈተና ሰሞን ግን ይከብዳል። የእኛ የድሆች ልጆች የሚሰናከሉት በዚህ በትንንሹ ነው። ትልቁን ክፍያ ፈርተን ላም እንሸጣለን፤ ትንሹን ሳናስብ እንልካቸዋለን።

ለዚህ ነው ላሟ ትቆይ የምለው። የግል ኮሌጁ አንዴ ዋጥ ያደርጋታል፤ ለሁለተኛው ሴሚስተር ደግሞ ሌላ ላም ይጠይቃል። የቡ ሆና ወተት ስትሰጥ ግን የታናናሾቹን ደብተር ትችላለች፣ ለትልቋም በየወሩ የሳሙናና የፎቶ ኮፒ ትልካለች። ለመነሻው ዕቁብ ካለዎት ዳኛውን ያናግሩ፤ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው፣ ተራዬን አስቀድሙልኝ» ማለት ነውር አይደለም። እድርዎንም ይጠይቁ። ሲሞት ብቻ አይደለም ሰው የሚደጋገፈው። ከቀበሌ ደግሞ አቅም እንደሌላችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ያውጡላት። ግቢ ስትደርስ የተማሪዎች ዲን ጋ እና የሴት ተማሪዎችን ጉዳይ ወደሚይዘው የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት ይዛው ትሂድ። ለችግረኛ ሴት ተማሪዎች ድጋፍ ሲገኝ በዚያ በኩል ነው የሚመጣው። ስሟ መዝገብ ላይ ካልገባ ግን ማን ያስታውሳታል?

ምርጫ ስትሞላ ጅማን ብታስቀድም አልቃወምም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የቆመው የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው። ጤናው ሥር ያለው ትምህርት ነው። ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ ብቻ ተቀምጠው አይወጡም፤ በቡድን ሆነው በዙሪያችን ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ትራንስፖርቱም በባጃጅ ነው። ግን ምደባው በነጥብና በምርጫ ስለሆነ ሌላ ቦታ ቢደርሳት አትዘን።

ማካካሻውን ባታልፍስ? መንገዱ አላለቀም። የመንግሥት ጤና ሳይንስ ኮሌጆች በደረጃ ያሠለጥናሉ። ጅማ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅም እዚሁ ነው። የመንግሥት ኮሌጅ የቀን ሠልጣኝ የሚያወጣው ብር ከግል ኮሌጁ ጋር አይወዳደርም። ሥልጠናዋን ጨርሳ የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲውን፣ ካለፈች ተቀጥራ እየሠራች መማር ትችላለች። «ቴክኒክና ሙያ የወደቀ መሄጃ ነው» የሚለውን ወሬ አይስሙ። ጅማ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲበላሽብን የምንለምነው እነሱን ነው።

ልጅዎ ሥራ ልግባ ማለቷ ደግነቷን ነው የሚያሳየው። የማካካሻው ምደባ እስኪመጣ ድረስ ቡናውን አብራችሁ ሽጡ። ከዚያ በላይ ግን አይፍቀዱላት።

ጥያቄ

«እትዬ፣ 26 ዓመቴ ነው። ባጃጅ እነዳለሁ። በሌቭል አራት አካውንቲንግ ተመርቄ ሲኦሲዬን ይዣለሁ። ማታ ወይም በርቀት ዲግሪ መማር እፈልጋለሁ። ‹በግማሽ ክፍያ እናስተምራለን› የሚል ኮሌጅ አለ፣ ጓደኞቼ ግን ‹ተጠንቀቅ› ይሉኛል። እንዴት ነው የማጣራው?»
ባጃጅ ነጂው፣ ከጅማ

መልስ

ልጄ፣ ጓደኞችህ ደህና ሰዎች ናቸው። ኮሌጁን ሂድና የዕውቅና ደብዳቤውን አሳዩኝ በል። የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ደብዳቤው ላይ ሦስት ነገር ፈልግ። የትምህርቱ ስም ያንተ ነው? ካምፓሱ ጅማ ነው? ዓይነቱስ የማታ ነው ወይስ የርቀት? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግማሽ ክፍያ ቢሆንም ውድ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሌላ ከተማ ደብዳቤ አይሠራም፤ የወንድሜን ልጅ ታሪክ ከላይ አንብብ። በሌቭል አራት ማስረጃህ ወደ ዲግሪ ለመግባት ዘንድሮ የሚጠየቀውንም በጽሑፍ እንዲሰጡህ ጠይቅ፤ በቃል አትመን።

ከዚያ ብሩን በደንብ አስላ። «የወር ክፍያው ይህን ያህል ነው» ሲሉህ መመዝገቢያ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ፈተና፣ ምረቃ እያሉ የሚጨምሩትን ሁሉ ደምረው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የማታና የቅዳሜ እሑድ ትምህርትም ስላለ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥ።

አንድ የከተማችንን ነገር ልጨምርልህ። ጅማ ብር የሚኖራት ቡና ሲደርስ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ያን ጊዜ ባጃጅህ ያለ ሥራ አይቆምም። ክረምት ላይ ግን ታውቀዋለህ። በቡናው ወራት ያገኘኸውን ለክረምቱ ክፍያ ለብቻ አስቀምጠው። በሳምንት የምትጥለው ዕቁብ ብትገባ ይሻላል፤ ኪስ ውስጥ ያለ ብር ዘመድ አያጣም።

ጥያቄ

«ቱርክ ነፃ የትምህርት ዕድል አስጨርስልሻለሁ፣ 15,000 ብር አምጪ ያለኝ ሰው አለ። ነጥቤ ጥሩ ነው። ልስጠው?»
ከመንደራ

መልስ

አትስጪው። የቱርክ መንግሥት የትምህርት ዕድል እውነት ነው፤ የትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያ፣ የወር ድጎማና የአውሮፕላን ትኬት ይሸፍናል። ማመልከቻው ግን በኢንተርኔት ነው፤ ክፍያም የለውም። የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ጥር አካባቢ ነው። የሚፈልገው ፓስፖርት ወይም መታወቂያ፣ ትራንስክሪፕት፣ ፎቶና ራስሽ የምትጽፊው ደብዳቤ ነው። 15,000ውን ለፓስፖርትሽና ለማስረጃ ትርጉም አውዪው፤ የተረፈውን ለእናትሽ ስጪ። ደብዳቤውን ደግሞ ሰው አያስጽፍልሽ። አንቺ ራስሽ ጻፊው፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪሽ ያርምልሽ። እስከዚያው አገር ውስጥ የደረሰሽን ምደባ እንዳትተዪ። ያ እጅሽ ላይ ያለ ነው፤ የቱርኩ ገና ውድድር ነው።

ጥያቄ

«እትዬ፣ ከአጋሮ ነው የምጽፈው። ከ600 341 አምጥቻለሁ። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ። አባቴ የቀን ሠራተኛ ነው። በጣም ደስ ብሎት ነበር። ቦታውን ስነግረው ግን ዝም አለ። ማታ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ እናቴን ‹ትኬቱን ከየት አመጣለሁ› ሲላት። አራጣ የሚያበድር ሰው ጋ ሊሄድ ነው። እኔ ዓመቱን ላስተላልፈውና ሠርቼ ልሂድ ወይ?»
የአጋሮው ልጅ

መልስ

ልጄ፣ 341! በመጀመሪያ ለአንተም ለአባትህም እንኳን ደስ ያላችሁ።

ዓመቱን አታስተላልፍ። ምደባ እንደ ተራ ዕቃ ተቀምጦ አይጠብቅም። «ዘንድሮ ሠርቼ በሚቀጥለው እገባለሁ» ብለው የቀሩ ልጆችን ስም ዝርዝር ላይ ቀይ መስመር ያሰመርኩት እኔ ነኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

አባትህም አራጣ ጋ አይሂድ። ይህን «እትዬ መጽሔት ላይ አለች» ብለህ ሳይሆን ራስህ ንገረው፤ ቁጭ ብለህ። የሰማኸውን እንደሰማህ ንገረው። አባቶች ብቻቸውን ሲሸከሙ ነው አራጣ ጋ የሚሄዱት። የትምህርቱን ክፍያ ማንም እንደማይጠይቀው፣ ምግቡና ማደሪያው እዚያ እንዳለ፣ አሁን ዋናው ወጪ መንገዱ እንደሆነ አስረዳው። ከላይ ስለ ወጪ መጋራት የጻፍኩትን አንብብለት። ግማሹ ሸክም ያኔውኑ ይወርዳል።

መንገዱ ረጅም ነው፣ አልዋሽህም። አጋሮ፣ ጅማ፣ አዲስ አበባ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ። ከጅማ አዲስ አበባ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የቀረው ከዚያ ይበልጣል። አዲስ አበባ ማደር አለ። ብቻህን አትሂድ። ከአጋሮም ከጅማም ወደዚያ የተመደቡ ልጆች ይኖራሉ፤ ቀደም ብለው የገቡም አሉ። ትምህርት ቤትህ ሄደህ ጠይቅ፣ ስልክ ተለዋወጡ። አብሮ የሄደ ማረፊያውን ይጋራል፣ ደላላም አይጫወትበትም።

ብሩስ? የጥሪው ቀን እስኪደርስ ቀይ ቡና ለቀማ ግባ። አጋሮ ሆነህ በቡና ወቅት ሥራ አታጣም። ያገኘኸውን ለእናትህ ስጣት፣ ታስቀምጥልህ። የክፍል ኃላፊ መምህርህን አናግር። 341 ያመጣ ተማሪ ለትምህርት ቤቱም ኩራቱ ነው፤ መምህራን አዋጥተው ልጅ ሲልኩ በዓይኔ አይቻለሁ። የመስጊዱን ጀመዓ ወይም የቤተ ክርስቲያኑን ሰበካ አባትህ ያናግር። ከቀበሌ ደብዳቤ ያዝ። አንድ ሰው ሁሉንም አይሰጥህም፤ ከአምስት ቦታ ጥቂት ጥቂት ከመጣ ትኬት ይሆናል።

እዚያ ስትደርስ የሚመጣብህን አንድ ነገር ልንገርህ። ግቢ ውስጥ ምግብህን በካፌ መብላት ወይም ገንዘቡን መውሰድ ትመርጣለህ። ተማሪዎች ሁለተኛውን «ነን ካፌ» ይሉታል። የድሃ ቤት ልጅ ወዲያው የሚያስበው ገንዘቡን ወስዶ ለቤት መላክ ነው። ልብህን አውቀዋለሁ። ግን የመጀመሪያውን ዓመት ካፌ ብላ። ገንዘቡን ወስደው ለቤት ልከው፣ በቀን አንዴ እየበሉ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፉ ልጆች አውቃለሁ። ጥሩ ልጆች ነበሩ። ውጤታቸው ወርዶ የተመለሱት ያልገባቸው ነገር ኖሮ አይደለም፤ ርቧቸው ነው። አባትህ የሚፈልገው ያንን ብር አይደለም።

በመጀመሪያው ሳምንት የተማሪዎች ዲንን አግኝ። የቀበሌውን ደብዳቤ ስጠው። በጎ አድራጎት ክበብም ካለ ጠይቅ። በሁለተኛው ወር ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት፤ ድጋፍ ካለ የሚከፋፈለው ስም በተመዘገበበት ጊዜ ነው። ብትታመም የተማሪ ክሊኒክ አለ፣ ከውጭ አትታከም። አንድ ቀን ከአቅምህ በላይ ሆኖ ማቋረጥ ካለብህም በዝምታ ሻንጣህን ይዘህ አትውጣ። ሬጅስትራር ሄደህ የማቋረጫ ቅጽ ሙላ። ቅጹን የሞላ መልሶ ለመግባት ማመልከት ይችላል። ዝም ብሎ የጠፋ ግን ይሰረዛል።

ከአጋሮ ስትነሣ ጅማ ማለፍህ አይቀርም። አንድ ብርድ ልብስና ሁለት አንሶላ ታጥቦ ተጣጥፎ መጽሔቱ ቢሮ ይቀመጥልሃል። «የአጋሮው ልጅ ነኝ» ብለህ ውሰድ። ያንን ብቻ ሊገዛልህ የነበረው ብር ትኬትህ ላይ ይጨመር። ጉርድ ፎቶውን ግን እዚያው አጋሮ ተነሥተህ ና። ከስምንት አታሳንስ።